የዳግማዊ ምኒልክ የልጅነት ታሪክና ሕፃናትን የመጠበቅ ሕግ

የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስም ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ዐድዋ ነው፤ ከዐድዋ ቀጥሎም ባቡሩ፥ ስልኩ፥ ፖስታውና አዲስ አበባ ናቸው። ይህን ሁሉ ከታች ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ የፈለግሁት ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን፥ ዘውድ ከመጫናቸው ከብዙ ዘመን በፊት ስለ ነበሩት ስለ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ነው። ይህ ልጅ የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። የተወለደበት አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም፤ የአባቶቹ ከተማ አንኮበርም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ታሪኩን ሳነብ፥ ሕፃናትን ከግፍና ከጥቃት የመጠበቅ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘሁት ለወላጆቻችን፥ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቼ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ሲሆኑ፥ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ የነበሩ ሴት እንደ ሆኑ ይነገራል። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲሞቱ አባታቸው በሸዋ ላይ ነገሡ፤ ትንሹ ልጅም የአልጋ ወራሽ ልጅ ከመባል የንጉሥ ልጅ ወደ መባል ደረሱ።

በዚያ ዘመን ግን የንጉሥ ልጅ መሆን ከመከራ አያድንም ነበር። የድኻ ልጅ መሆን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል ሲወርዱ ዐልዩ አምባ የሚባለው የገበያ ከተማ ይገኛል። በዚያ ገበያ የሐረርና የባሕር ዳርቻ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው፥ ቡናና ጨርቅ ይለዋወጡ ነበር። በአጠገቡም ሰው የሚሸጥበት ሌላ ገበያ ነበረ። ወደዚያ ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ ከልዩ ልዩ አገር በጦርነት የተማረኩ ወይም በሌባ የተሰረቁ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ልጆች የአፋርን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ወደ ታጁራ ይወሰዱና በመርከብ ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። እንግዲህ የልጅ ዕጣ ሁለት ዓይነት ነበረ ማለት ይቻላል፤ የትልቅ ሰው ልጅ ቢሆን ለመያዣ፥ የድኻ ልጅ ቢሆን ለሽያጭ።

በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር በብዙ ሠራዊት መጡ። በዚሁ ዘመቻ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ምኒልክ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። የሸዋ መኳንንት ልጁን ይዘው ለመሸሽና ለመዋጋት ሞከሩ፤ ነገር ግን በረከት በሚባለው ቦታ ድል ስለ ሆኑ የሟቹ ንጉሥ ልጅ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ። አባታቸው በሞቱ በጥቂት ቀን ውስጥ አገራቸውን ለቀው፥ የጠላት ምርኮኛ ሆነው ወደ ሰሜን ተጓዙ። በኋላም መቅደላ በሚባለው አምባ ላይ ተቀመጡ። በእነዚህ የመከራ ዓመታት ከአጠገባቸው ያልተለዩ ታማኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል አቶ ገርማሜና አቶ ናደው ይገኛሉ። አጎታቸው ዳርጌም አብረው ታስረው ነበር።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ እውነቱን መናገር ይገባል። ምርኮኛውን ልጅ እንደ ጠላት ልጅ አላዩትም፤ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፥ የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጡት፥ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በልጅነታቸው ብዙ ያዩ ሰው ነበሩ። በጎንደር አካባቢ በነበረ ገዳም ሲማሩ ወታደሮች ገዳሙን ወረው ተማሪዎቹን ልጆች ሲፈጁ እርሳቸው ለጥቂት አምልጠዋል። ምናልባት ለልጁ የራሩት ይህን እያስታወሱ ይሆናል እላለሁ። ነገር ግን የንጉሥ ርኅራኄ እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ያሞቃል፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በደመና ይሸፈናል። የዚህ ማስረጃ የሚታየው በምኒልክ ማምለጥ ጊዜ ነው።

በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከጥቂት ታማኞቻቸው ጋር በሌሊት ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወርቂት አገር ገቡ። የወርቂት ልጅም እንደ ምኒልክ ሁሉ በመቅደላ ላይ በመያዣነት ታስሮ ነበር። እናቲቱም የሸዋውን ስደተኛ ለዐፄ ቴዎድሮስ መልሳ በምትኩ ልጅዋን ለማስፈታት አስባ ነበር። ይህን ሳትፈጽም ግን መርዶ ደረሰባት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ በሰሙ ጊዜ በቁጣ ልጅዋን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገድለውት ነበር። ወርቂትም ምኒልክን መንገድ ሰጥታ ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምታሳዝነኝ ይህች እናት ናት። ልጅዋ የሞተው በሠራው በደል አይደለም፤ ሌላ ሰው ስላመለጠ ነው። እርስዋ ግን የሰው ልጅ በእጅዋ ሳለ የልጅዋን ደም አልተበቀለችበትም።

መቅደላ በዚህ ብቻ አላበቃም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ፥ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ በመንገድ ሞተችበት። እርሱም ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ይህ ዕድሜ የእኔ ዕድሜ ነው። ከዚያው ጦርነት በኋላ ወላጆቹ የጠፉበትን ሌላ ሕፃን አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወስዶት በሕንድ አገር ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ እርሱም ኋላ አገሩን ያገለገለው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። እንግዲህ ከአንድ አምባ ላይ አንዱ ልጅ ነገሠ፥ አንዱ ተገደለ፥ አንዱ በባዕድ አገር ሞተ፥ አንዱ ተማረ። ይህን የለየው ሕግ ሳይሆን ዕድል ነበር።

ምኒልክ በነሐሴ 1857 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ገብተው የአባታቸውን አልጋ ያዙ፤ አንኮበርንም ከተማቸው አደረጉ። በኋላም በደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ የሚባለውን ከተማ ሠሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። በዘመናቸው ሰው ሲበደል በምኒልክ አምላክ ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ የሰማው ሁሉ ቆሞ ነገሩን የመስማት ግዴታ ነበረበት። ይህ ለድኻ ትልቅ ጋሻ ነበር።

ለሕፃናትም የሠሩት መልካም ነገር ጥቂት አይደለም። የባሪያ ንግድ እንዲቀር በተደጋጋሚ አዋጅ አስነግረዋል። በክፉ ቀን ጊዜ፥ ከብት አልቆ አገር በረሃብ ሲመታና ወላጅ ልጁን ጥሎ ሲሰደድ፥ የእህል ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን መግበዋል፤ በሬ ስለ ጠፋም ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው በመቆፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆነዋል። የፈንጣጣ ክትባትም በዘመናቸው ተስፋፍቷል። በጥቅምት 1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ስለ ትምህርት ባወጡት አዋጅም ስድስት ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ልጅ እንዲማር አዘዙ፤ ልጁን የማያስተምር ወላጅ በሞተ ጊዜ ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን የሚል ቅጣት ጨመሩበት። በእኔ አስተያየት ይህ አዋጅ በአገራችን ታሪክ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ልጅ የወላጁ ብቻ አይደለም፥ መንግሥትም ስለ ልጅ ይጠይቃል የሚል ሐሳብ በውስጡ አለና።

ነገር ግን የታላቅ ሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምስጋናውን ብቻ ጽፎ ቢተው አንባቢውን ያታልላል። የባሪያ ንግድን የሚከለክለው አዋጅ በወጣበት ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ዘመቻ እጅግ ብዙ ሴቶችና ልጆች ተማርከው ለወታደሩ ተከፋፍለዋል፤ የቤተ መንግሥቱም ድርሻ ነበረበት። ሴት ልጅ ትማር የሚለው አዋጅም ቢነገር፥ መንግሥት ለሴቶች ልጆች የራሳቸውን ትምህርት ቤት፥ የእቴጌ መነንን፥ የከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በገዛ ቤታቸው የሆነው ነው። ልጃቸው ዘውዲቱ በሚያዝያ 1868 ዓ.ም. ተወለደች። በ1875 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የነበረው እርቅ እንዲጸና፥ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለች ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተድራ ወደ ትግራይ ሄደች። ባልዋ በ1880 ዓ.ም. ሲሞት ገና ዐሥራ ሁለት ዓመትዋ ነበረ። እርሳቸው በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ለመንግሥት ጉዳይ ከቤታቸው ተነጥለው ነበር፤ ልጃቸውን ደግሞ በስድስት ዓመትዋ ለመንግሥት ጉዳይ ከቤትዋ ነጠሏት። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በ1901 ዓ.ም.ም ለልጅ ኢያሱ የተዳረችው ሮማነ ወርቅ እንዲሁ ሕፃን ነበረች። ይህን የምጽፈው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። ይህ የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ክፉ አባት ስለ ነበሩም አይደለም። ለሕፃናት የተቆረቆረ፥ መከራውንም በገዛ ሰውነቱ የቀመሰ ትልቅ ሰው እንኳ ልማድን ብቻውን ሊያሸንፍ እንዳልቻለ ለማሳየት ነው። ወላጅ ልጁን ስለሚወድ ሕግ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ በ1866 ዓ.ም. አሳዳጊዋ የምትደበድባትን አንዲት ሕፃን ለማስጣል የቻለው፥ እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ማኅበር መሪ ነበር፤ ለፈረስና ለውሻ የቆመ ማኅበር ሲኖር ለሕፃን የቆመ ማኅበር ገና አልነበረምና። እንግሊዝም ልጅን ማሠቃየትን የሚቀጣ ልዩ ሕግ ያወጣችው በ1881 ዓ.ም. ነው።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1909 ዓ.ም. ያች በስድስት ዓመትዋ የተዳረችው ዘውዲቱ የኢትዮጵያ ንግሥተ ነገሥታት ሆነች። በዘመንዋ፥ በ1916 ዓ.ም.፥ አገራችን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሪያን ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ይኸው ማኅበር በጄኔቭ ከተማ ስለ ሕፃናት መብት የመጀመሪያውን የዓለም መግለጫ ተቀበለ። በሕፃንነትዋ የመንግሥታት ዕርቅ መያዣ የሆነች ሴት፥ መንግሥታት ስለ ሕፃን መብት በተስማሙበት ዓመት በዙፋን ላይ መገኘትዋ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ባርነት ፈጽሞ እንዲቀር የታወጀው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ሕጉ ከዚያ ዘመን እጅግ የራቀ ነው። ኢትዮጵያ በ1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀብላለች። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፥ በትምህርት ቤትና ልጆች በሚያድጉበት ተቋም ሁሉ በአካሉ ላይ ከሚደርስ ቅጣትና ከጭካኔ ነፃ እንዲሆን ይላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ያደረገውን የጋብቻ ዕድሜ፥ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም ዐሥራ ስምንት ዓመት አድርጎታል። የወንጀል ሕጉም ከዕድሜ በታች ጋብቻ ለሚፈጽም ሰው፥ ልጅቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ካልሞላት እስከ ሰባት ዓመት፥ ከሞላት ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ደንግጓል። በ2009 ዓ.ም.ም ብሔራዊ የሕፃናት ፖሊሲ ጸድቋል። ጉዳት ለደረሰበትም ልጅ አዲስ ሥርዓት ተጀምሯል፤ በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተበደለ ልጅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሳይንከራተት ሐኪም፥ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ተደርጓል። በፍርድ ቤትም ሕፃኑ በዳዩን ፊት ለፊት ሳያይ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ አማካይነት ቃሉን የሚሰጥበት ችሎት ተቋቁሟል።

ይሁን እንጂ አዋጅ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ገጠር እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። ይህን የምለው ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለን አብራን የምትማር፥ በሒሳብ ትምህርት ከሁላችንም የምትበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከጥምቀት በኋላ በትምህርት ገበታዋ ላይ አልተገኘችም። የሠርጉን ወሬ የሰማነው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ዕድሜዋ ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ወላጆችዋ ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል አሉ፤ ይህን የሚያስተባብል ወረቀት ግን በማንም እጅ አልነበረም። ያች ልጅ ወደ ክፍል አልተመለሰችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. እንደ ተወለዱ እናውቃለን፤ የንጉሥ የልጅ ልጅ ስለ ነበሩ ቀኑ ተጻፈ። የገበሬ ልጅ የልደት ቀን ግን ለብዙ ዘመን አልተጻፈም። በአገራችን የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመንግሥት መዝገብ በአገር አቀፍ ደረጃ መካሄድ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያለ እርሱ ግን ዳኛው ስንት ዓመትዋ እንደ ሆነ አያውቅም፥ ዕድሜዋ ካልታወቀም ሕጉ ምን ያህል ቢጠነክር የሚይዝበት እጅ የለውም። ስለዚህ ልጅን ከጥቃት መከላከል የሚጀምረው ከፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ከቀበሌው መዝገብ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልጉት ሰዎች ናቸው። ምኒልክን መቅደላ ላይ የጠበቋቸው አዋጅ ሳይሆን እነ አቶ ገርማሜ ነበሩ፤ ያሳለፈቻቸውም ልጅዋን ያጣች አንዲት እናት ናት። ዛሬም እንዲሁ ነው። ተማሪ ሦስት ቀን ሲቀር ቤቱ ድረስ ልኮ የሚጠይቅ መምህር፥ በልጅ ገላ ላይ ያየውን ቁስል ዝም ብሎ የማያልፍ የጤና ባለሙያ፥ የሕፃን ሠርግ ቀለበት አላስርም የሚል ካህን፥ የጎረቤቱን ልጅ ጩኸት ሰምቶ በሩን የማይዘጋ ጎረቤት ያስፈልጋል። የሰው ቤት ነገር ነው እየተባለ የሚታለፈው ዝምታ ለበዳዩ መሸሸጊያ ይሆናል። እንዲሁም ነገሩን የሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የት እንዳለና ልጅ በደል ሲደርስበት ማንን መጠየቅ እንደሚችል፥ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ሁሉ በግልጥ ቢነገር እጅግ ይጠቅማል። ልጅ የማያውቀው ደጅ ለእርሱ እንደ ተዘጋ ደጅ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተበደለ ሰው በምኒልክ አምላክ ይል ነበር፤ ዛሬም በሕግ አምላክ እንላለን። ይህን ቃል ብሎ ሰውን ለማስቆም ግን አፍ መፍታት፥ ድፍረትና ሕግ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕፃን ይህ ሁሉ የለውም። የስድስት ዓመትዋ ዘውዲቱ ልትለው አትችልም ነበር፤ ያች የክፍላችን ልጅም አላለችውም። ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፥ ክቡራን መምህራኖቻችንና ወንድሞቼ እኅቶቼ፥ ስለ ልጅ በሕግ አምላክ ማለት የእኛ የትልልቆቹ ፈንታ ነው። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎችም ነገ መምህር፥ ሐኪም፥ ዳኛና ወላጅ እንሆናለን። ያን ጊዜ ከአንጎለላም ሆነ ከዐልዩ አምባ የሚወለድ ልጅ፥ የንጉሥ ልጅ ሳይሆን፥ ዕድልም ሳይጠብቅ፥ በሕግ ብቻ የሚጠበቅ ይሆን ዘንድ ከአሁኑ እናስብበት።